ከርዳዳ ፀጉር ሲታጠብ እንዳይቋጠር፦ ሥራው ከውኃው በፊት ነው

በባሕር ዳር ከጥምቀት በኋላ ያሉት ሳምንታት የሹሩባ መፍቻ ሳምንታት ናቸው። ለበዓሉ የተሠራው ሹሩባ ሥሩ መነሣትና መንጨባረር ሲጀምር ባለቤቷ አንድ ከሰዓት ቁጭ ብላ ትፈታዋለች፤ የተፈታውን ፀጉር በእጇ ጎተት ጎተት ታደርገውና ፀሐይዋ ሳትገባ ይድረቅልኝ ብላ በቀጥታ ወደ ሳፋው ትሄዳለች። ማታ ላይ ማበጠሪያው አልገባ ሲል ሻምፑው ይረገማል፣ ውኃው ይታማል፣ ከዚያም አልፎ ፀጉሩ ራሱ ክፉ አመል እንዳለው ተደርጎ ይወራል። የራሴን፣ የእህቴን ልጆችና አንዳንዴም የጎረቤት ልጆችን ፀጉር ሳጥብ ኖሬ የደረስኩበት ሐሳብ ግን ቋጠሮው የሚሠራው ከመታጠቡ በፊት ባለው ሰዓት እንደሆነ፣ ውኃው ደግሞ ቀድሞ የተሠራውን እንደሚያጠብቀው ነው። ስለዚህ ስለ ሻምፑ ምርጫ ከምጽፈው ይልቅ ፀጉሩ ውኃ ከመንካቱ በፊት ስላለው ሥራ የምጽፈው ይበዛል።

ከርዳዳ ፀጉር ከሉጫው መለየት የሚጀምረው ከቆዳ ሥር ነው። ፀጉሩ የሚያድግበት ከረጢት የተቆለመመ በመሆኑ ፀጉሩ ተጠምዝዞ ይወጣል፤ አንዱን ዘለላ አግድም ቆርጦ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሰውም ክብ ሳይሆን ጠፍጠፍ ያለ ሞላላ ቅርጽ ያገኛል። የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ቅባት በሉጫ ፀጉር ላይ ከሥር እስከ ጫፍ በቀላሉ ሲወርድ፣ በእኛ ፀጉር ላይ ግን በየመታጠፊያው እየተያዘ ስለሚቀር ሥሩ ወዝ እያለው ጫፉ ደረቅ ሆኖ ይገኛል። የእያንዳንዱ ፀጉር የላይኛው ሽፋን እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ሲሆን የቅርፊቶቹ አፍ ወደ ጫፍ ያመለክታል። ፀጉር ከሥር ወደ ጫፍ ሲዳሰስ የሚለሰልሰው፣ ከጫፍ ወደ ሥር ሲዳሰስ ደግሞ የሚሻክረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ደረቅ ጫፍ ላይ ቅርፊቶቹ ስለሚነሡና ስለሚሰባበሩ አንዱ ፀጉር ሌላውን በቀላሉ ይይዛል።

ከሁሉ በላይ ቋጠሮ የሚሠራው ግን የረገፈው ፀጉር ነው። ማንኛውም ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 የሚሆን ፀጉር ይረግፍበታል። ሉጫ ፀጉር ያላት ሴት የረገፈውን ትራሷና ልብሷ ላይ ታገኘዋለች፤ የእኛ ግን ሥሩን ቢለቅም ከአጠገቡ ያሉት ጥቅልሎች አያሳልፉትምና እዚያው ይቀራል። ሹሩባ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ተቆልፎበት ይቀመጣል። ሦስት ሳምንት የቆየ ሹሩባ ቢሰላ በውስጡ ከ1,050 እስከ 2,100 የሚደርስ፣ ሥሩን የለቀቀ ነገር ግን ከራስ ያልወረደ ፀጉር አለ ማለት ነው። ሹሩባ ፈትተው እፍኝ የሚሞላ ፀጉር በእጃቸው ሲያዩ «ሹሩባው ፀጉሬን ነቀለው» ብለው የሚደነግጡ ሴቶች የሚያዩት አብዛኛው የሰነበተ እንጂ የዛሬ ጉዳት አይደለም። (ሥሩን እየጎተተ ግንባር የሚያሳሳ ጥብቅ ሹሩባ መኖሩን አልክድም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።) እንግዲህ ይህ ሁሉ ልቅ ፀጉር ሳይወጣ ውኃ ሲፈስበት ፀጉሩ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ጥቅልሉ ይሰበሰባል፣ ከግማሽ በላይ ሊያጥር ይችላል፤ ልቅ የሆነው ደግሞ ባልተነቀሉት ላይ እየዞረ ይጠመጠማል። ሲደርቅ ያንን መፍታት ከባድ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሹሩባውን መፍታት ብቻ ሳይሆን የተፈታውን ማጽዳት ነው። በሠፈራችን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሹሩባ የሚሠሩ ሴት አሉ፤ እኛ እትዬ ነው የምንላቸው። ደንበኛ ሹሩባዋን ራሷ ፈትታ ስትመጣባቸው መጀመሪያ የሚያዩት የፀጉሩን ርዝመት ሳይሆን ሥሩን ነው። አንድ ቀን አንዲት ወጣት ማበጠሪያዋን ከአናቷ ላይ ተክላ ስትጎትት አይተው፣ «እቴ፣ ጫፉን ሳትፈቺ ወደ ሥሩ ምን አስኬደሽ?» ብለው ቀሟት። ከዚያም ራሷን በጉልበታቸው መካከል አድርገው ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። ሹሩባው ተነሥቶበት በነበረው ሥር ላይ፣ ክፍልፋዩ በሚገናኝበት ቦታ፣ ግራጫ የሆነች ትንሽ ድቡልቡል ነገር ትታያለች፤ አቧራ፣ ላብ፣ የቅቤ ትራፊና የራስ ቆዳ ቅርፋፊ ተጣብቀው የሠሯት ናት። እሳቸው ጣታቸውን ዘይት ነክረው ያቺን ድቡልቡል በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አሽተው ካላሉ በኋላ በሁለት እጃቸው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ አድርገው ከፈቷት፤ ተበትና በዱቄት መልክ ረገፈች። ያቺ ነገር ደረቅ ሳለች እንዲህ በቀላሉ ትሄዳለች፤ ከረጠበች ግን ትጠብቅና በዙሪያዋ ያለውን ፀጉር ሁሉ አንድ ላይ ትሰፋዋለች።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ነው። ፀጉሩን መሐል ለመሐል ከግንባር እስከ ማጅራት፣ ከዚያም ከጆሮ እስከ ጆሮ ከፍሎ አራት ማድረግ፣ የበዛ ፀጉር ከሆነም እያንዳንዱን ለሁለት ከፍሎ ስምንት ማድረስ ይገባል። በአንድ ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ ይፈታል፤ የቀሩት በላስቲክ ወይም ላላ ባለ ጉንጉን ተይዘው ይቆያሉ። በእጅ ያለው ክፍል ትንሽ ውኃ ይረጭበትና ቅባት ወይም ኮንዲሽነር ይቀባል፤ እርጥብ ይሆናል እንጂ አይንጠባጠብም። «ፀጉር በእርጥቡ አይበጠርም» የሚለው የተለመደ ምክር ለሉጫ ፀጉር ትክክል ነው፤ ፀጉር ሲረጥብ የውስጥ ማያያዣዎቹ ስለሚላሉ በቀላሉ ተለጥጦ ይበጠሳልና። ከርዳዳ ፀጉር ግን ደረቁን ሲበጠር ማበጠሪያው የሚገጥመው ኃይል እጅግ ስለሚበልጥ፣ እርጥበትና ማለስለሻ ባለበት ሁኔታ መፍታቱ ጉዳቱን ይቀንሳል። ይህን ልዩነት ሳያብራሩ ምክር የሚሰጡ የውበት ባለሙያዎች ብዙ ፀጉር አስበጥሰዋል ብዬ አምናለሁ።

ከዚያም ጣት ይቀድማል። ጣት ቋጠሮውን ያውቀዋል፤ ማበጠሪያ ግን አልፎት ለመሄድ ነው የሚታገለው። ቋጠሮ ሲገኝ ከቋጠሮው በላይ ያለውን ፀጉር በሁለት ጣት ጠበቅ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ሲደረግ ጉተታው ወደ ራስ ቆዳ አይደርስም፣ ልጅም አታለቅስም። ከዚያ ቋጠሮውን ወደ ብርሃን አቅርቦ ማየት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በመካከሉ ጫፏ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት ፀጉር አለች፤ ነጯ ነጥብ የፀጉሯ ሥር ናት፣ ፀጉሯም ቀድማ የረገፈች ናት። እሷን ለይቶ ወደ ታች መሳብ ሲቻል የቀረው ቋጠሮ በራሱ ይላላል። ይህን አንድ ጊዜ በዓይኗ ያየች ሰው ቋጠሮ ሲገጥማት ከመጎተት ይልቅ መፈለግ ትጀምራለች። ጣት ሥራውን ሲጨርስ ጥርሱ ሰፋ ያለ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምሮ፣ ጥቂት ጥቂት ወደ ላይ እየወጣ፣ መጨረሻ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ያልፋል። ጥርሱ የጠበበው ሚዶ መስመር ለማውጣት ይጠቅማል፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። የተፈታው ክፍል ወዲያውኑ ወፈር ተደርጎ ይጎነጎናል፣ እስኪታጠብ ድረስም አይፈታም።

ቅቤን በተመለከተ አስተያየቴን ሳልደብቅ እጽፋለሁ። ለጋ ቅቤ ለፀጉር ይጠቅማል የሚሉ እናቶቻችን አልተሳሳቱም፤ ጥያቄው መቼ የሚለው ነው። ከመታጠቡ በፊት ባለው ሌሊት ወይም ጥቂት ሰዓት ሲቀር የተቀባ ቅቤ ጣት የሚንሸራተትበት ግሩም ማለስለሻ ነው። ከታጠበ በኋላ ሹሩባ ላይ ተለድፎ ለሳምንታት የሚቆየው ቅቤ ግን፣ በተለይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅና አቧራማ ወራት፣ ያችን ግራጫ ድቡልቡል የሚሠራው ዋናው ነገር ነው። ሌላው ደግሞ የማስለቀቁ ጉዳይ ነው፤ ቅቤ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት አካባቢ በመሆኑ በታኅሣሥ ጠዋት ከቧንቧ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ቢታጠብ ይረጋል እንጂ አይለቅም፣ የረጋውም ፀጉርን ከፀጉር ያጣብቃል። ቅቤ የተቀባ ራስ ለብ ባለ ውኃ መታጠብ አለበት፤ ፈላ ያለ ውኃ አስፈላጊም ደግም አይደለም።

ወደ መታጠቡ ስንመጣ ከሁሉ የከፋው ልማድ ሳፋ ላይ ማጎንበስ ይመስለኛል። ራሷን ደፍታ ፀጉሯን ወደፊት የጣለች ሴት፣ ከላይ ሌላ ሰው በጆግ ውኃ እያፈሰሰላት፣ ፀጉሯን አናቷ ላይ ሰብስባ እንደ ልብስ ታሸዋለች። በዚህ አኳኋን ፀጉሩ ከተኛበት አቅጣጫ በተቃራኒ ይዞራል፣ የማጅራቱ ከግንባሩ ጋር ይደባለቃል፣ የተነሡት ቅርፊቶችም እርስ በርስ ይያያዛሉ። ይልቁንም ቀና ብሎ ቆሞ ወይም በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ራስን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ፣ ውኃውን ከግንባር ወደ ማጅራት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማፍሰስ ይሻላል። ሻወር ያላት ታድላለች፤ ውኃ የሚጠፋበት ሠፈር የምትኖር ግን በጀሪካንና በጆግ መታጠቧ ለዚህ ጉዳይ እንደ ጉዳት ሊቆጠርባት አይገባም። ከጆግ ቀስ ብሎ የሚወርድ ውኃ ፀጉሩን ወደ ታች እየዘረጋ ስለሚሄድ፣ ፀጉሩም በጉንጉን ተከፋፍሎ ከተያዘ፣ በጥንቃቄ የተያዘ 20 ሊትር ውኃ ይበቃል።

ሻምፑ የሚያስፈልገው የራስ ቆዳው ነው። በጣት ጫፍ፣ በጥፍር ሳይሆን፣ በጉንጉኖቹ መካከል ባለው መስመር ላይ ብቻ ይታሻል፤ የፀጉሩን ርዝመት የሚያጸዳው ወደ ታች የሚወርደው አረፋ ነው። አረፋውን ለማብዛት ፀጉሩን መሰብሰብና ማሽከርከር ከዚያ በፊት የተደከመበትን ሁሉ ያበላሻል። የተለመደውን ቁራጭ ሳሙና ለፀጉር መጠቀምን አልመክርም፤ ምክንያቱም የሳሙና ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ) አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 10 ሲሆን የራስ ቆዳ ግን 5.5 አካባቢ ነው፣ ይህ ልዩነት ቅርፊቶቹን ከፍቶ ፀጉሩን ያሻክራል፤ ካልሲየም በበዛበት ውኃም ሳሙናው ከካልሲየሙ ጋር ተዋሕዶ የሚጣበቅ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል። አንዳንዶች የተፈጥሮ ነው በሚል እንዶድን ለፀጉር መጠቀም እንደሚቻል ይጠይቁኛል። እንዶድ ለነጠላና ለጋቢ የታወቀ ማጠቢያ ነው፤ አረፋ የሚሰጠው ንጥረ ነገር ግን ብርቱ በመሆኑ ያለውን ጥቂት ቅባት ጠራርጎ ይወስዳል፣ ዓይንንም ክፉኛ ያቃጥላል፣ ስለዚህ ለልብሱ ይቅር።

እንዶድ ከተነሣ ስለ ጣናም አንድ ነገር ልበል። በሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩ ልጃገረዶች ራሳቸውን ከሐይቁ ሲታጠቡ ማየት አዲስ አይደለም፤ ውኃው ለስላሳና የማያልቅ በመሆኑ ለፀጉር የተመቸ ይመስላል። ነገር ግን በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ ጥገኛው ትል ከቀንድ አውጣዎች ወጥቶ ውኃው ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ፀጉር እስኪፈታና እስኪታጠብ መቆም ደግሞ ረጅም ጊዜ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አግኝተው ምርምራቸውን የጀመሩት ይህንኑ በሽታ ለመከላከል ነበር። የሐይቅ ውኃ የግድ ከሆነ ቀድቶ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ ወይም በተከደነ ዕቃ ለሁለት ቀን ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ሻምፑው ከታጠበ በኋላ ኮንዲሽነር መዝለል አይገባም። የታጠበ ፀጉር ኔጋቲቭ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይኖረዋል፤ ኮንዲሽነር ውስጥ ያሉት ማለስለሻዎች ፖዘቲቭ ስለሆኑ የተጎዳው ቦታ ላይ ሄደው ይለጠፋሉ፣ የተነሣውን ቅርፊትም ያስተኛሉ። ኮንዲሽነሩ ውድ ሆኖባት የምትተወው አንባቢ ካለች ተልባ በቅርቧ ነው። ከቅዳሜ ገበያ የተገዛ ተልባ ተለቅሞና ታጥቦ፣ ለሩብ ሲኒ ሳይሆን ለሩብ ኩባያ ተልባ ሁለት ኩባያ ውኃ ሒሳብ፣ በመካከለኛ እሳት እየተማሰለ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይፈላል። ማንኪያው ሲነሣ እንደ እንቁላል ነጭ የሚለጠጥ ክር መሥራት ሲጀምር ትኩስነቱ ሳይለቀው በንጹሕ ስቶኪንግ ይጠለላል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ልጠልለው ያለች ሴት እጇን ከማሳመም በቀር የምታገኘው የለም። ይህ ዝልግልግ ፈሳሽ ኮንዲሽነርን ሙሉ በሙሉ ባይተካም ጣት ያንሸራትታል፤ በፍሪጅ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ያህል ይቆያል፣ ፍሪጅ ከሌለ ግን የዕለቱን ብቻ መሥራት ይሻላል፣ ይሸታልና። ተልባውም ሆነ ኮንዲሽነሩ ሲቀባ አንድ ጉንጉን ይፈታል፣ ይቀባል፣ በጣትና በሰፊ ማበጠሪያ ይታለፋል፣ ተመልሶ ይጎነጎናል። በዚህ ጊዜ ማበጠሪያው ምንም የሚገጥመው ነገር ከሌለ የቅድሙ ሥራ በደንብ ተሠርቷል።

ማድረቁ አጭር ነው፤ ፎጣ ፀጉሩን አይሸው፣ አሮጌ የጥጥ ቲሸርት እየጨመቀ ውኃውን ይምጠጠው። ፀጉሩ በጉንጉን እንዳለ ቢደርቅ ተዘርግቶ ስለሚደርቅ የሚቋጠርበት ዕድል ይቀንሳል። እርጥብ ፀጉር ለቆ ባጃጅ ላይ መውጣት ግን አይሆንም፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ በሁለቱም በኩል ክፍት በሆነ ባጃጅ ውስጥ የሚሠራውን ያየ ያውቀዋል። ማታም የጥጥ ትራስ ወዙን መጥጦ ፀጉሩን ስለሚያሻክረው የሳቲን ሻሽ ማሰር ይረዳል። ክረምት ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ የተለቀቀ ፀጉር ያለ ማንም እጅ ይሰበሰባል፤ በነዚያ ወራት ፀጉርን ለቆ ከመዋል ላላ ባለ ሹሩባ መያዝ ይመረጣል፣ ሹሩባውም ከሦስት ሳምንት ባይዘል ጥሩ ነው።

ጫፍ ላይ አንዲት ፀጉር በራሷ ላይ የቋጠረቻት፣ ስትዳሰስ እንደ ጤፍ ፍሬ የምትሰማ ቋጠሮ አትፈታም። ልፍታት ማለት ጊዜ ማጥፋት ነው፤ በስለታም መቀስ ከላይዋ ጥቂት ከፍ ብሎ መቁረጥ ይሻላል፣ ከተተወች ሌሎቹን ትይዛለች። ጫፉን በየጥቂት ወሩ ትንሽ ትንሽ ማስተካከልን «ፀጉሬ አጠረ» ብለው የሚሸሹ አሉ፤ ተሰንጥቆ የሻከረ ጫፍ ግን የሚያሳድጉትን ያህል በቋጠሮ እየበጠሰ ያሳጥርባቸዋል።

የሚቀረው ጥያቄ ፀጉሩ በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ቆይቶ አንድ ላይ ለተያያዘባት ሰው ነው። የመጀመሪያው ነገር በፍጹም ውኃ አለማስነካት ነው። ዘይት ወይም ወፍራም ኮንዲሽነር በብዛት ተቀብቶ ለጥቂት ሰዓት በፕላስቲክ ይሸፈናል፤ ከዚያ የተያያዘው ነገር ከመሐሉ ሳይሆን ከዳር ዳሩ፣ በጣት ትንንሽ ክፍል እየተለየ ይላቀቃል። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ተከፋፍሎ ቢሠራ አያስነውርም። እምቢ ያለ ቦታ ካለ መቀሱ አግድም መግባት የለበትም፤ ከሥር ወደ ጫፍ አቅጣጫ ቁመቱን ተይዞ ድቡልቡሉ ለሁለት ቢሰነጠቅ ብዙው ፀጉር ይተርፋል፣ የቀረውም በጣት ይፈታል። ከሥሩ ያለው ቆዳ የቆሰለ፣ መግል የያዘ ወይም ፀጉሩ በክብ በክብ የተመለጠ ከሆነ ግን ዘይቱም ማበጠሪያውም ይቆይና መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ይየው።